«የቃጫ ገመድ» ብሎ መጻፍ ለጉምሩክ ለምን አይበቃም?

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ገበያ ገመድ ለመግዛት የወጣ ሰው የዕቃውን ስም ለማወቅ አይቸገርም። ወፍራሙ ገመድ፣ ቀጭኑ ሲባጎ፣ የሚያብለጨልጨው ናይለን፣ ሻካራው ደግሞ ቃጫ ይባላል። በአፋን ኦሮሞ ለሚገበያየው ፉኞ ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ሻጭና ገዢ በእነዚህ ስሞች ተግባብተው፣ በዋጋ ተከራክረው ይለያያሉ።

ይኸው ገመድ በጅቡቲ በኩል ሲገባ ወይም ወደ ውጭ ሲላክ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በታሪፍ ቁጥር እንጂ በገበያ ስም አይደለም። «የቃጫ ገመድ» የሚለው አንድ ስም ደግሞ እንደየዕቃው ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊያርፉበት ይችላሉ። ገመድ የተባለው ዕቃ ተመዝኖ ክር ሆኖ ከተገኘ አራተኛ ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ ሲለወጥ የቀረጡ ልክ ሊለወጥ ይችላል፤ በቀረጡ ላይ ተደምሮ የሚሰላው ታክስም አብሮ ይለወጣል። ዲክላራሲዮኑን የሞላው አስተላላፊ ቢሆንም ሂሳቡ የሚወርደው በባለዕቃው ላይ ነው።

ለመሆኑ ገመድ በታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ እንዴት ይመደባል? ነጋዴው፣ ደላላውና በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ለማዋል ያሰበው ባለሀብት ሊያውቁት የሚገባውን ያህል እንመልከት።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

የዓለም አገሮች የንግድ ዕቃዎችን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲጠሩ የሚያደርገው ሥርዓት በምኅጻር ኤች.ኤስ. ይባላል። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1983 በብራስልስ ጸድቆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የሚያስተዳድረው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ ከ200 በላይ አገሮችና የጉምሩክ ግዛቶች ይጠቀሙበታል። ሰንጠረዡ በየጊዜው ይታደሳል። የአሁኑ እትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው ነው፤ ቀጣዩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2028 መጀመሪያ ጀምሮ ይጠበቃል።

ከቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን፣ ስድስቱ ንዑስ አንቀጹን ያመለክታሉ። እስከ ስድስተኛው አኀዝ ድረስ ቁጥሩ በሁሉም አገር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር ለራሱ የሚመቸውን ይጨምራል፤ የኢትዮጵያ ታሪፍ ስምንት አኀዞች አሉት።

ሲባጎና ገመድ ያሉት በምዕራፍ 56፣ በአንቀጽ 5607 ሥር ነው። አንቀጹ የተጎነጎነውንም ያልተጎነጎነውንም፣ በጎማ ወይም በፕላስቲክ የተነከረውንና የተሸፈነውንም ሁሉ ይይዛል። በሥሩ ያለው ክፍፍል የሚከተለው ነው፤

5607.21 — ከሲሳል ወይም ከሌላ የአጋቬ ወገን ተክል የተሠራ፣ ለእህልና ለድርቆሽ ማሰሪያ የተዘጋጀ ሲባጎ፤
5607.29 — ከዚሁ ከሲሳልና ከአጋቬ ወገን የተሠራ ሌላ ሲባጎና ገመድ፤
5607.41 — ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ የእህልና የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ፤
5607.49 — ከእነዚሁ ከሁለቱ የተሠራ ሌላ ገመድ፤
5607.50 — ከሌላ ሰው ሠራሽ ጭረት ለምሳሌ ከእውነተኛው ናይለን የተሠራ፤
5607.90 — ከላይ ያልተጠቀሰው ሁሉ።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ወዲያው ይታያል። በገበያችን «ናይለን ገመድ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ዕቃ በእርግጥ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ደረሰኙ ላይ «ናይለን» ተብሎ ከተጻፈ ወደ 5607.50 ይወስዳል፤ ዕቃው ሲመረመር ግን ቦታው 5607.49 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጎረቤት ቢሆኑም፣ በደረሰኝና በዕቃ መካከል የሚታይ ልዩነት ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም።

ሦስት በር፣ ሦስት ዓይነት ገመድ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ቢጠቃለሉም፣ ነጋዴው ዛሬም የሚያስባቸው የአዲስ አበባ በሮች አድርጎ ነው። በየበሩ የሚፈለገው ገመድም ይለያያል።

ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ነች። ከእርሷ ጎን ካለችው ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። መንገዱ የሚዘልቀው ወደ እንሰት አገር ነው፤ ጉራጌ፣ ሀዲያ፣ ከምባታ። ቆጮና ቡላ ሲዘጋጅ ከእንሰቱ ግንድ ተፍቆ የሚቀረው ጭረት ታጥቦና ደርቆ ቃጫ ይሆናል። በእጅ ተገምዶም በጥሬውም ለገበያ ይቀርባል።

ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ያለች የድርቆሽ አገር ነች። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲታጨድ ሣሩ ደርቆና ታስሮ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው የወተት ከብት አርቢዎች ይሸጣል። ድርቆሽ ያለማሰሪያ አይጫንም። ስለዚህ የሱሉልታ ነጋዴ የሚጠይቀው ማሰሪያ ሲባጎ ነው።

ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ ስትሆን በፍጥነት ከተገነቡት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች አንዷ ነች። የባሕር ዛፍ አጣና የሚጫንበት፣ የግንባታ ዕቃ የሚወጣበትና የሚወርድበት ገበያ ወፍራም ገመድ ይፈልጋል። በዚህ ቦታ ቃጫና ፖሊፕሮፒሊን በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ሁለቱ የተቀየጡበትም ገመድ አለ።

እንሰት፣ ማሰሪያ ሲባጎና ቅይጥ ገመድ እያንዳንዳቸው በታሪፍ ምደባ ላይ የየራሳቸው ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የትኛው ቃጫ?

በአማርኛ ቃጫ የምንለው ቢያንስ የሁለት ተክሎችን ጭረት ነው። አንደኛው ከእንሰት የሚገኘው ነው። ሁለተኛው ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ሾጥጦ በአጥር ዳር የሚተከለው፣ በዓለም ገበያ ሲሳል የሚባለው ነው። ተክሉም ቃጫ፣ ጭረቱም ቃጫ ይባላል።

ለታሪፍ መጽሐፍ ግን ሁለቱ ባዳ ናቸው። ሲሳል የአጋቬ ወገን ሲሆን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1893 በጀርመኖች አማካይነት በዛሬዋ ታንዛኒያ ነው። ዛሬ ብራዚል፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ማዳጋስካር ዋና አምራቾቹ ናቸው። ይህን የሚያህል ገበያ ስላለው በ5607 ሥር የራሱ ሁለት ቁጥሮች ተሰጥተውታል።

እንሰት ደግሞ የሙዝ ቤተሰብ ነው። በዓለም ንግድ የሚታወቀው የቅርብ ዘመዱ የፊሊፒንሱ አባካ ወይም የማኒላ ቃጫ ነው። እንሰት አጋቬ ስላልሆነ የእንሰት ገመድ በ5607.21ም ሆነ በ5607.29 ሊገባ አይችልም። ቦታው «ሌሎች» በሚለው በ5607.90 ነው። የጁት፣ የአባካ፣ የኮኮናትና የጥጥ ገመድም በዚሁ ቁጥር ውስጥ ነው።

ጥሬው ጭረት ሲሆን ልዩነቱ ይጠባል። ያልተፈተለ ሲሳልም ያልተፈተለ እንሰትም አንቀጻቸው 5305 ነው። በቀድሞ እትሞች ሲሳል 5304 የሚል የራሱ አንቀጽ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እትም ተሰርዞ ወደ 5305 ተዛውሯል። የድሮ ፋይል እያየ ዲክላራሲዮን የሚሞላ ሰው 5304 ብሎ ቢጽፍ የሌለ ቁጥር ጻፈ ማለት ነው።

እንግዲህ በደረሰኙ ላይ «ቃጫ» ወይም በእንግሊዝኛ «ፋይበር» ብሎ ማለፍ ለመርማሪው ምንም አይነግረውም። የተክሉ ስም መጻፍ አለበት፤ ሲሳል ከሆነ ሲሳል፣ እንሰት ከሆነ እንሰት። ሳይንሳዊ ስሙ ቢጨመር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ሁለቱ ጭረቶች ከተገመዱ በኋላ በዓይን ብቻ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ክርክር ከተነሳ የሚለያቸው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ምርመራ ማለት ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ የመጋዘን ኪራይ ነው።

ክር ነው ወይስ ገመድ? ሚዛኑ ይናገር

በጣም የሚረሳው ነጥብ ይህ ነው። አንድ የተገመደ ነገር ክር ነው ወይስ ሲባጎ የሚለውን የሚወስነው የሻጩ አጠራር ወይም የዓይን ግምት አይደለም። የጨርቃጨርቅ ክፍሉ ማስታወሻ መለኪያ አስቀምጧል። መለኪያው ዴሲቴክስ ይባላል፤ ትርጉሙም የ10,000 ሜትር ክብደት በግራም ነው።

ለሲሳል፣ ለእንሰት፣ ለጁት፣ ለጥጥና ለመሰል የዕፅዋት ጭረቶች ወሰኑ 20,000 ዴሲቴክስ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሲባጎ ወይም ገመድ ነው፤ ልክ 20,000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ክር ነው። ክር ሲሆን ከ5607 ወጥቶ ወደ ጭረቱ ምዕራፍ ይመለሳል። የሲሳልም የእንሰትም ክር ቁጥሩ 5308.90 ይሆናል።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 20,000 ዴሲቴክስ ማለት በሜትር 2 ግራም ነው። 10 ሜትር ቆርጦ በጥሩ ሚዛን መመዘን ነው፤ ከ20 ግራም ከበለጠ ገመድ ነው። ሚዛኑ ሻካራ ከሆነ 100 ሜትር ይመዘን፤ ወሰኑ 200 ግራም ይሆናል። የተፈጥሮ ጭረት እርጥበት ስለሚስብ ዝናብ የነካውን ወይም እርጥብ መጋዘን ውስጥ የቆየውን መመዘን ያሳስታል። ደረቁን፣ ያውም ከአንድ ጥቅል ብቻ ሳይሆን ከሁለት ሦስቱ ወስዶ መመዘን ይሻላል።

አብዛኛው የውጭ አምራች ደግሞ ውፍረቱን የሚገልጸው በኪሎ ስንት ሜትር እንደሚወጣ በመንገር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 10,000,000ን በሜትሩ ቁጥር ማካፈል። በኪሎ 300 ሜትር ከሆነ 33,333 ዴሲቴክስ ስለሚሆን ገመድ ነው። በኪሎ 700 ሜትር ከሆነ 14,286 ስለሚሆን ክር ነው። በቃል ለመያዝ የሚመቸው መስመር 500 ሜትር ነው፤ ኪሎው ከ500 ሜትር ያነሰ ከሰጠ ገመድ፣ 500 ወይም ከዚያ በላይ ከሰጠ ክር።

ለሌሎች ጭረቶች ወሰኑ ይለያል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ከ10,000 ዴሲቴክስ በላይ፣ ማለትም በኪሎ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን ገመድ ይባላል። የተልባና የእውነተኛ ሄምፕ ክር ካልተወለወለ እንደ ሲሳል 20,000 ነው፤ ሙጫ ወይም ሰም ተቀብቶ የተወለወለ ከሆነ ግን ወሰኑ ወርዶ 1,429 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። የኮኮናት ክር አይመዘንም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገመደ ገመድ ነው። የበግ ጠጉር ክር ደግሞ የቱንም ያህል ቢወፍር በውፍረቱ ብቻ ገመድ አይባልም።

ሁለት ነገሮች ይህን ሁሉ ሚዛን ያስቀራሉ። አንደኛው በብረት ክር የተጠናከረ መሆኑ ነው፤ ቢቀጥንም ገመድ ነው። ሁለተኛው ጥብቅ ተደርጎ እንደ ሹሩባ መጎንጎኑ ነው፤ ይህም ክብደቱ ሳይታይ በ5607 ይመደባል።

የድርቆሽ ማሰሪያው የተለየ መስመር

ወደ ሱሉልታ እንመለስ። ሲሳልም ሆነ ፖሊፕሮፒሊን፣ ታሪፉ የእህልና የድርቆሽ ማሰሪያውን ከሌላው ገመድ ለይቶታል። 5607.21 እና 5607.41 ለእርሱ ብቻ የተከፈቱ ናቸው። ምክንያቱ ዕቃው ለእርሻ ሥራ የሚውል በመሆኑ ብዙ አገሮች በተለየ ዓይን ስለሚያዩት ነው።

ታዲያ ማንኛውም ድርቆሽ ሊያስር የሚችል ሲባጎ ማሰሪያ ነው ማለት ይቻላል? አይቻልም። የማሰሪያ ሲባጎ ለማሰሪያ ማሽን ታስቦ የተመረተ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ሆኖ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ ማሽኑ እንዲስበው በትልልቅ ጥቅል የተጠቀለለ፣ ሲሳል ከሆነም በዘይት የታሸ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአምራቹ መግለጫ ላይ ተጽፎ ሊታይ ይገባል። በትናንሽ ጥቅል የመጣና ዕቃ ለመጠቅለል የሚሸጥ የሲሳል ሲባጎ፣ ገዢው ሱሉልታ ወስዶ ድርቆሽ ቢያስርበትም ቁጥሩ 5607.29 ነው።

ድርቆሹ የሚታሰረው በሽቦ ከሆነ ደግሞ ከጨርቃጨርቅ ፈጽሞ ወጥተናል። የብረት ሽቦ አንቀጹ 7217 ነው፤ ተገምዶ የብረት ገመድ ከሆነ 7312።

ቅይጥ ሲሆን

የቡራዩ ገበያ ጥያቄ ይህ ነው። ቃጫና ፖሊፕሮፒሊን የተቀየጡበት ገመድ ማን ይባላል? ደንቡ ክብደቱ የሚበልጠውን ጭረት ተከተል ይላል። 60 በመቶው ሲሳል፣ 40 በመቶው ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ሙሉ በሙሉ እንደ ሲሳል ይቆጠራል። እኩል በእኩል ከሆነ በቁጥር ቅደም ተከተል ኋላ ያለው ይወስደዋል፤ ሰው ሠራሹ ምዕራፍ ከ53 በኋላ ስለሚመጣ ገመዱ እንደ ፖሊፕሮፒሊን ይመደባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስት ጭረቶች ሲቀየጡ ነው። 40 በመቶ ፖሊፕሮፒሊን፣ 35 በመቶ ሲሳልና 25 በመቶ ጁት ያለበት ገመድ ቢመጣ፣ በመጀመሪያ እይታ የሚበልጠው ፖሊፕሮፒሊን ይመስላል። ደንቡ ግን አስቀድሞ ምዕራፍን፣ ከዚያም በምዕራፉ ውስጥ አንቀጽን ያወዳድራል። ሲሳልና ጁት ሁለቱም የምዕራፍ 53 ስለሆኑ ይደመራሉ፤ 60 በመቶ ሆነው ያሸንፋሉ። ከዚያ በመካከላቸው ሲሳል ስለሚበልጥ ቁጥሩ 5607.29 ይሆናል።

የቅይጡን መኖር ለመጠርጠር ጥቂት ጭረት መዝዞ ማቃጠል ይረዳል። የዕፅዋት ጭረት እንደ ወረቀት ተቃጥሎ አመድ ይሆናል፤ ፖሊፕሮፒሊን ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይተዋል። መቶኛውን ግን እሳት አይናገርም፤ የአምራቹ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

ከገመድ ቢሠራም ገመድ ያልሆነ

ገመዱ ተቆርጦና ተሰፍቶ ሌላ ዕቃ ከሆነ ከ5607 ይወጣል። በጅምላ «የገመድ ውጤቶች» ተብሎ በአንድ መስመር የሚሞላ ዲክላራሲዮን ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ጫፉ ተቀልብሶ ቀለበት ወይም መንጠቆ የገባለት የመኪና መጎተቻና የልብስ ማስጫ ገመድ አንቀጹ 5609 ነው። ከሲባጎ የተቋጠረ መረብ 5608 ነው። ለፈረስ፣ ለበቅሎ ወይም ለአህያ ልጓምና ማሰሪያ ሆኖ የተሠራ ዕቃ ከሲሳልም ይሁን ከቆዳ 4201 ነው፤ አንቀጹ የእንስሳት ዕቃን ከየትኛውም ነገር ቢሠራ አንድ ላይ ይይዛልና።

ከረጢቶችም እንደዚሁ ናቸው። ቡና የሚሞላበት የጁት ኬሻ 6305.10 ሲሆን፣ በተለምዶ ማዳበሪያ የምንለው ከፖሊፕሮፒሊን ጥብጣብ የተሠራው ከረጢት 6305.33 ነው። የሲሳል ወይም የእንሰት ቃጫ ከረጢት ከሁለቱም ተለይቶ 6305.90 ነው። ሳይፈተልና ሳይገመድ ከሣርና ከሰሌን የተጎነጎነው ደግሞ በምዕራፍ 46 ይመደባል።

ልዩነቱ በብር ሲሰላ

ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ ስሌት እንውሰድ። አንድ ነጋዴ እስከ መድረሻው ድረስ 1,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ አስገባ እንበል። በሞላው ቁጥር የቀረጡ ልክ 20 በመቶ፣ በትክክለኛው ቁጥር 30 በመቶ ቢሆን፣ የቀረጡ ልዩነት 100,000 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ሌላ 15,000 ብር ይጨመራል። ሌሎች ታክሶች ሳይቆጠሩ ነጋዴው ያላሰበው 115,000 ብር ተገኘ ማለት ነው። ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ እያለ ቢታወቅ እንኳ አንድ ነገር ነው። ዕቃው ወጥቶ ከተሸጠ በኋላ በኦዲት ቢታወቅ ግን የሸጠበትን ዋጋ መመለስ አይችልም፤ ትርፉ ያኔ ሄዷል።

የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 ትክክለኛ ዲክላራሲዮን የማቅረብ ግዴታን፣ ዕቃው ከወጣ በኋላ የሚደረገውን ኦዲትና ቅጣቱን ይደነግጋሉ። ስህተቱ በተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም ዝቅተኛ ቀረጥ ያለበት ዕቃ በከፍተኛው ሲሞላ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስጠነቅቅ የለም። ነጋዴው ዝም ብሎ አብዝቶ ይከፍላል፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ተፎካካሪው ደግሞ በርካሽ ይሸጣል።

ላኪውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀችውን የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ጨምሮ፣ የቀረጥ ቅናሽ የሚሰጡ ስምምነቶች ቅናሹን የሚዘረዝሩት በታሪፍ ቁጥር ነው። የትውልድ አገር ደንቦችም ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ጥሬ ዕቃው ተሠርቶ አንቀጹ መለወጡን ነው። ጥሬ ቃጫ በ5305 ገብቶ ገመድ ሆኖ በ5607 ሲወጣ አንቀጹ ተለወጠ ማለት ነው። በሰበታ ወይም በቡራዩ የገመድ ማምረቻ ለማቋቋም የሚያስብ ባለሀብት ጥናቱን ሲያሠራ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊገኙ ይገባል።

ከመጫኑ በፊት

አንደኛ፣ ከሻጩ ናሙናና የአምራቹን መግለጫ ያስመጡ። መግለጫው የተክሉን ወይም የጭረቱን ስም፣ ቅይጥ ከሆነ መቶኛውን፣ በኪሎ ስንት ሜትር እንደሆነና የተሠራበትን ዓላማ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ናሙናውን ራስዎ ይመዝኑ። ሦስተኛ፣ በፕሮፎርማውና በደረሰኙ ላይ «ገመድ» ወይም «ቃጫ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ አስቀድመው ይነጋገሩ። አራተኛ፣ አጠራጣሪ ከሆነ ዕቃው ሳይጫን ለጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። የሻጩ አገር የሰጠው ቁጥር ፍንጭ ነው እንጂ የኢትዮጵያን ጉምሩክ አያስገድድም።

ራስዎን ይፈትኑ

1. ከብራዚል የመጣ፣ ለድርቆሽ ማሽን የተዘጋጀ፣ በኪሎ 200 ሜትር የሆነ የሲሳል ሲባጎ።
2. በኪሎ 800 ሜትር የሆነ፣ ያልተጎነጎነ የሲሳል ፈትል።
3. 10 ሜትሩ 400 ግራም የሚመዝን፣ በእጅ የተገመደ የእንሰት ገመድ።
4. ከሲሳል ገመድ የተሠራ የበቅሎ ልጓም።
5. ለማሰሪያ ማሽን የተዘጋጀ፣ በኪሎ 350 ሜትር የሆነ የፖሊፕሮፒሊን ሲባጎ።

መልሱ፤ አንደኛው 50,000 ዴሲቴክስና ማሰሪያ ስለሆነ 5607.21፤ ሁለተኛው 12,500 ዴሲቴክስ በመሆኑ ክር ነው፣ 5308.90፤ ሦስተኛው 5607.90፤ አራተኛው 4201፤ አምስተኛው 5607.41።

የእንሰት ገመድ ድርሻ

በሦስተኛው መልስ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የሚተዳደርበት ተክል ነው። ገመዱ ግን በዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ «ሌሎች» ከሚለው ውስጥ ከጁቱም ከኮኮናቱም ጋር ተደባልቆ ይቆጠራል። በስድስት አኀዝ የተዘጋጀ አኀዛዊ መረጃ አይቶ የእንሰት ገመድ ምን ያህል እንደተላከ መናገር አይቻልም። የማይቆጠር ዕቃ ደግሞ ባንክ ብድር ሲጠየቅበትም፣ በንግድ ድርድር ሲቀርብም ክርክር ያጣል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከስድስተኛው አኀዝ በኋላ ያለው የየአገሩ ሥልጣን ነው። አሜሪካ በ5607.90 ሥር ለኮኮናት፣ ለጁትና ለአባካ ገመድ በራሷ ታሪፍ የየራሳቸው መስመር ከፍታለች። እንሰት በብዛት የሚመረትባት አገር ለእንሰት ገመድ በስምንት አኀዝ የራሱን መስመር ብትሰጠው የሚከለክላት ደንብ የለም። ይህን የሚጠይቁት የዘርፉ ነጋዴዎችና ማኅበሮቻቸው ናቸው። ለጥያቄያቸው ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በየደረሰኙና በየዲክላራሲዮኑ ላይ «ቃጫ» ከማለት ይልቅ «እንሰት» ተብሎ የሚጻፈው ነው።